ዞን 9

ስም። አቃቂ ቃሊቲ የተወለደ፣ አሁን ግን ከክፍለ ከተማው የወጣ ቃል ነው። አካባቢው የፋብሪካና የመናኸሪያ ሰፈር ቢሆንም «እገሌ ቃሊቲ ገባ» ሲባል የት ተቀጠረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ግቢ በ8 ዞን የተከፈለ ነበር፤ እስረኞች ከአጥር ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን አሉት። ቀልዱ መራራ ነው፤ ጠያቂውንም ከእስረኛው ጋር ይቆጥረዋል። በ2004 ዓ.ም. ወጣት ጦማሪያን ስሙን ለድረ ገጻቸው ወሰዱት። ሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከ3 ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሽብር ተከሰሱ። የመጨረሻዎቹ የወጡት በጥቅምት 2008 ነው።

ዛሬ ቃሉ የሚፈተነው በስልካችን ላይ ነው። የጥላቻ ንግግር ዘመዶቹን ያፈናቀለበት ሰው «ፌስቡክ ይዘጋልን» ቢል አልፈርድበትም። ይኸው ሰው ግን በ2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲታገዱ ቪፒኤን ጭኖ ገባ። ግብዝነት አይመስለኝም፤ እንዲዘጋ የፈለገው የተሳዳቢው አፍ እንጂ የራሱ ጆሮ አይደለም። ችግሩ፣ ቁልፉን የያዘው እጅ ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አያይም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እንግዲህ 5,001ኛው ተከታይ ሲጨመር ባለገጹ ዞን ቀየረ ማለት ነው። ያ ተከታይ እውነተኛ ሰው ይሁን የተገዛ አካውንት፣ አዋጁ አይለይም።