የምን ፕሬዚዳንት?

ጂሚ ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ መሆኑን ለእናታቸው ሲነግሯቸው፣ እናትየው «የምን ፕሬዚዳንት?» አሏቸው ይባላል። አይፈረድባቸውም። ልጃቸው እኮ አባታቸው ሲሞቱ የባሕር ኃይል መኮንንነታቸውን ትተው በ1953 (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ) ወደ ጆርጂያዋ ትንሽ ከተማ ወደ ፕሌይንስ የተመለሱ የኦቾሎኒ ነጋዴ ነበሩ።

ወደ ፖለቲካ የገቡት በ1962 ነው። ለግዛቱ ሴኔት ሲወዳደሩ በአንዲት ወረዳ ሳጥን ውስጥ የተገኘው ድምፅ ከመራጩ ቁጥር በለጠ፤ ከመቃብር ተነሥቶ የመረጠም ነበር! ካርተር «ዕድሌ ነው» ብለው አልተቀመጡም። ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተሟገቱ፣ ወንበሩን አገኙ። በ1970 ደግሞ የጆርጂያ ገዥ ሆነው ተመረጡ።

ታዲያ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ምን አደረሳቸው? ብዙ ሰው ፈገግታቸውንና ትሕትናቸውን ያነሣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ነገሩን ሁሉ በዋናው ገጸ ባሕርይ ጠባይ ላይ ሲጭኑብኝ «መቼቱስ?» እላቸው ነበር። እዚህም መቼቱን እንይ። በ1968 ሁበርት ሃምፍሪ በአንድም የቅድመ ምርጫ ውድድር ሳይገቡ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሆኑ፤ በጉባኤው ሰሞን የቺካጎ ጎዳና በዱላ ታመሰ፤ ፓርቲውም በምርጫው ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለወጠና ዕጩ የመምረጡ ሥልጣን ከአለቆች ወደ ተራው አባል ዞረ። ካርተርና ረዳታቸው ሃሚልተን ጆርዳን ይህ ለውጥ ምን በር እንደከፈተ ገባቸው።

በዲሴምበር 1974 እወዳደራለሁ ሲሉ አገሩ «ጂሚ ማነው?» አለ። እሳቸው አይዋ ገቡ። በደጋፊዎቻቸው ቤት እያደሩ፣ ጠዋት አልጋቸውን ራሳቸው እያነጠፉ ከገበሬው ጋር አወጉ። በጃንዩዋሪ 1976 28 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ፤ «ገና አልወሰንንም» ያለው ወገን ግን 37 በመቶ ነበር። እንዲያውም አንደኛ የወጣው «ማንም» ነው ማለት ይቻላል! ከሰው ግን ቀዳሚው ካርተር ነበሩ፤ ስማቸውም በአንድ ሌሊት አገር አዳረሰ። በዚያው ወር ወደ መቶ የሚጠጉ የጆርጂያ ሰዎች «የኦቾሎኒ ብርጌድ» ተብለው፣ በገዛ ገንዘባቸው ኒው ሃምፕሻየር ሄደው፣ በበረዶ ውስጥ በር እያንኳኩ ስለ ጎረቤታቸው መሰከሩ። ካርተር እዚያም ቀኑ። በማርች ፍሎሪዳ ላይ የዘር መድልዎ አቀንቃኙን ጆርጅ ዋላስን፣ በኖቬምበር ደግሞ ፕሬዚዳንት ፎርድን አሸነፉ።

ያም ሆኖ በር ማንኳኳት ቤተ መንግሥት ያስገባል እንጂ ማስተዳደርን አያስተምርም። ከገዛ ፓርቲያቸው ምክር ቤት ጋር እንኳ አልተግባቡም። የኑሮ ውድነቱና የቴህራኑ እገታ ተጨምሮበት በ1980 በሬገን ተሸነፉ።

በ2005፣ በእኛ ግንቦት 1997፣ የምርጫ ታዛቢዎቻቸውን እየመሩ አዲስ አበባ ሲመጡ ሁላችንም ያየነው የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ነው። ድምፅ መሰረቅ ምን እንደሆነ ግን በራሳቸው ደርሶ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በዲሴምበር 2024 በመቶ ዓመታቸው አረፉ።

እኛ ዘወትር «ደግ መሪ ይስጠን» እንላለን። ደግ ሰውማ በየመንደሩ ሞልቷል፤ ሱቁን ከፍቶ፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን እየሸጠ ተቀምጧል። ጥያቄው ከሱቁ እስከ ሸንጎው የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ወይ ነው። ካርተር በር አንኳኩተው የተከፈተላቸው፣ ከበሩ ኋላ የቆመው ሰው ዕጩውን የመምረጥ ሥልጣን በእጁ ስለነበረ ነው።