ሉዋና ሲ፦ ሁለት ቋንቋ በአንድ ፕሮግራም

ሉዋ የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1993 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወለደ። የትውልድ ቦታው በከተማዋ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቴክግራፍ የተባለ የኮምፒውተር ግራፊክስ ቡድን ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ሮቤርቶ ኢየሩዛሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ደ ፊጌይሬዶ እና ቫልደማር ሴሌስ ናቸው። ሉዋ ከጅምሩ የታሰበው በሲ በተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ እንዲያገለግል ነበር።

የሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ ለየቅል ነው። በሲ የአንድ ተለዋዋጭ ዓይነት ገና ኮዱ ሲጻፍ ይነገራል፤ ቁጥር ከተባለ እስከ መጨረሻው ቁጥር ነው፤ ኮምፓይለሩም ፕሮግራሙ ሳይነሳ ይህን ይፈትሻል። በሉዋ ግን ዓይነት ያለው ዋጋው ነው እንጂ ስሙ አይደለም። አሁን ቁጥር የያዘ ስም በሚቀጥለው መስመር ጽሑፍ ወይም ሰንጠረዥ ቢይዝ የሚከለክለው የለም።

ለሉዋ መነሻ የሆነው የነዳጅ ሥራ ነው። ብራዚል ከ1977 እስከ 1992 የአገር ውስጥ የኮምፒውተር ገበያዋን ከውጭ ዕቃ ትከላከል ስለነበር፣ የቴክግራፍ ደንበኞች የሚፈልጉትን ሶፍትዌር ከውጭ ማስመጣት ይከብዳቸው ነበር። ከትላልቆቹ ደንበኞች አንዱ የነዳጅ ኩባንያው ፔትሮብራስ ነው። መሐንዲሶቹ የሚጠቀሙባቸው የቆዩ የማስመሰያ ፕሮግራሞች የሚቀበሉት በዓምድ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የትኛው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ምልክት አልነበረም። አንዱ ቁጥር ከቦታው ከተዛነፈ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። ይህን ለማቃለል ዴል የተባለች ትንሽ ቋንቋ ተሠራች፤ ለሌላ የፔትሮብራስ ሥራ ደግሞ ሶል ተከተለች። ተጠቃሚዎቹ ብዙም ሳይቆዩ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» ማለትን፣ መደጋገምንና የራሳቸውን ፋንክሽን መጻፍን ፈለጉ። ሁለቱ ቡድኖች በ1993 ተገናኝተው ሁለቱንም በአንድ ቋንቋ ለመተካት ተስማሙ። በፖርቱጋልኛ ሶል ፀሐይ ማለት ስለሆነ አዲሱ ቋንቋ ሉዋ፣ ማለትም ጨረቃ፣ ተባለ።

በሲ ውስጥ ስክሪፕት የማስገባቱ ሐሳብ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ጆን ኦስተርሃውት በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሊ ቲክል የተባለውን ቋንቋ የሠራው፣ እያንዳንዱ የቺፕ ንድፍ መሣሪያ የየራሱን ደካማ የትእዛዝ ቋንቋ ይዞ መምጣቱ አስቸግሮት ነው። የሪዮዎቹ ሰዎች ቲክልን አይተው አልተቀበሉትም፤ አጻጻፉ ለመሐንዲሶቻቸው እንግዳ ነበር፣ በዚያን ጊዜም የሚሠራው በዩኒክስ ላይ ብቻ ነበር።

ትልቁ ብልሃት ያለው ሁለቱ ቋንቋዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። ሉዋ የማያገለግል ሜሞሪን ራሱ ያጸዳል። አንድ ሰንጠረዥ በሲ ተለዋዋጭ ብቻ ተይዞ ከቀረ፣ አጽጂው ያንን ስለማያይ የሚፈልገው የለም ብሎ ሊጠርገው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ዋጋን በቀጥታ አይቀባበሉም፤ መካከላቸው ስታክ የሚባል ቁልል አለ። ቁልሉ ላይ ያለውን ሁሉ አጽጂው ያየዋል። ይህ አሠራር ሙሉ መልኩን የያዘው በ2000 በወጣው አራተኛው ዕትም ነው።

አንድ የሲ ፕሮግራም በስክሪፕት የተጻፈ የ15 በመቶ የታክስ ስሌትን ሲጠራ ነገሩ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያ ፋንክሽኑን ቁልሉ ላይ ያስቀምጣል፤ በላዩ 200 ብርን ይደርባል፤ ከዚያ አንድ ግብዓትና አንድ ውጤት እንዳለ ተናግሮ ይጠራዋል። ሉዋ ሁለቱንም አንስቶ በቦታቸው 30ን ይተካል። ሲ ከላይ ያለው በእርግጥ ቁጥር መሆኑን ጠይቆ ይወስደዋል፣ ቁልሉንም ያጸዳል። 15 በመቶው ነገ ቢቀየር የሚነካው ስክሪፕቱ ነው፤ የሲው ኮድ እንደገና ኮምፓይል አይደረግም። ጥንቃቄው በሙሉ የሚወድቀው በሲ ጸሐፊው ላይ ነው፦ ሉዋ የሚጠራው የሲ ፋንክሽን የሚረጋገጥለት 20 ባዶ ቦታ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ሳይጠይቅ ከዚያ በላይ የሚከምር ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ ሊያበላሽ ይችላል።

ሉዋ ከብራዚል ውጭ በሰፊው የታወቀው በጨዋታ ሠሪዎች በኩል ነው። ዶክተር ዶብስ ጆርናል በ1996 ስለ ቋንቋው ጽሑፍ አወጣ፤ የሉካስአርትሱ ብሬት ሞጊሌፍስኪም አንብቦት በ1998 በወጣው ግሪም ፋንዳንጎ ውስጥ ተጠቀመበት። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው የስክሪናቸውን መልክ በሉዋ እንዲለውጡ ፈቀደ። ፍጥነት የሚጠይቀው ሥዕል በኮምፓይለር ቋንቋ ቀረ፤ በየቀኑ የሚቀያየረው ወደ ስክሪፕቱ ሄደ።

ስክሪፕቱ እየሰፋ ሲሄድ ግን ዓይነትን አስቀድሞ የመፈተሽ ፍላጎት ተመልሶ መጣ። የጨዋታ መድረኩ ሮብሎክስ ከሉዋ አውጥቶ ያሳደገውና በ2021 ኮዱን ለሁሉም የከፈተው ሉዋው የተባለ ቋንቋ፣ ጸሐፊው በፈለገው ስም ላይ ዓይነት እንዲጽፍ፣ ያልፈለገውን ደግሞ እንደ ድሮው እንዲተወው ያስችላል።