ከቃፊር እስከ ሁለተኛ ዲግሪ፦ የመረጃ ሙያና የዘማቾች ትምህርት

የመረጃ ሥራ የጠላትን ኃይል፣ ቦታና ሐሳብ አስቀድሞ ማወቅ፣ የተገኘውንም ወሬ መርምሮ ለውሳኔ ማቅረብ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ለብዙ ዘመን የሚለመደው በዘመቻ ላይ ነበር። ወደ መማሪያ ክፍል የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ሙያውን ኖረው የተማሩት ዘማቾች ግን ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ አልዘለቁም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የዚህን ታሪክ መጀመሪያ በቅርብ ያየ አገር ነው። በዚህ ደጋ ካለችው ከመካነ ሰላም ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የመቅደላ አምባ ይገኛል። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ ወደዚህ ደጋ ሲወጣ አገሩን ሳያጠና አልገባም። በምጽዋና በቦጎስ ለዓመታት የኖረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር የመንገዱንና የባላባቱን ሁኔታ ያስረዳ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ያሰሯቸው የእንግሊዙ ልዑክ ሆርሙዝድ ራሳምና ጓደኞቹ በመልእክተኞች እጅ ደብዳቤ ያስወጡ ነበር። ናፒየር ከአምባው የሚያስወጡትን መንገዶች ለማዘጋት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ከተጣሉት የወሎ ገዥዎች ከወይዘሮ ወርቂትና ከወይዘሮ መስተዋት ጋር ተላላከ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ መድፉ የሠራውን ያህል ወሬ ሰብሳቢውም ሠርቶ ነበር።

ከ28 ዓመት በኋላ ብልጫው ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ እንዲገናኛቸው ያዘዙት ከመካነ ሰላም በምሥራቅ በምትገኘው በወረኢሉ ነው። በዘመቻው ቃፊሮች ከጦሩ ፊት እየቀደሙ መንገድና ውኃ ያያሉ፤ ነጋዴና መነኩሴ መስለው የሚንቀሳቀሱ ሰላዮችም ከጠላት ሰፈር ወሬ ያመጣሉ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ሰላዬ ብሎ ያመነው ባሻ አውዓሎም ሐረጎት በውስጡ ለምኒልክ የቆመ ሰው ነበር፤ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ ለጣሊያኖች አደረሰ። በየካቲት 23 ሌሊት የጣሊያን ዓምዶች ወደ ዓድዋ ሲገሰግሱ የያዙት ንድፍ ካርታ የኮረብታ ስም አሳስቶ ነበርና የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀረ። እንግዲህ በዓድዋ አንዱ ወገን አገሩን በሚያውቅ ሰው ሲመራ፣ ሌላው ባልተጣራ ካርታና ባልተመረመረ ወሬ ተሳስቷል። ዛሬ በመረጃ ጥናት ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ዋና ፍሬም ይኸው ነው፤ ምንጭን መፈተን፣ ወሬን ከወሬ ማመሳከር፣ ጠላት ሊያሳምን የሚፈልገውን ከእውነቱ መለየት።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የመኮንኖች ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት ተከፈተ፤ አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን ነበሩ። ኮርሱ ሳያልቅ የጣሊያን ወረራ ደረሰ፤ ከዕጩ መኮንኖቹ ከፊሉ በ1928 ዓ.ም. በነቀምት የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ድርጅት ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በወረራው ዘመን የመረጃውን ሸክም የተሸከሙት ግን የውስጥ አርበኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጠላት ከተማ ተቀምጠው ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት ለዱር አርበኞች ያቀብሉ ነበር። ከእነርሱ መካከል ስማቸው የገነነው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ወደ ጣሊያን ተግዘዋል።

ከነጻነት በኋላ ለአርበኛው የተሰጠው ካሳ በአብዛኛው መሬት፣ ማዕረግና ኒሻን ነበር። ትምህርቱ ለሌላ ትውልድ ሆነ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና በህንድ መኮንኖች የተደራጀው የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ወጣቶችን መርጦ ይወስድ ነበር። አሜሪካም በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ወዲህ ብዙ መኮንኖችን ለሥልጠና ወስዳለች። ለአምስት ዓመት በዱር የጠላትን እንቅስቃሴ የተከታተለ፣ ፊደል ግን ያልቆጠረ አርበኛ ወደ እነዚህ ቤቶች የሚገባበት መንገድ አልነበረም። በደርግ ዘመን አስተማሪው ተለወጠ፤ መኮንኖች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ፣ የደኅንነቱን መሥሪያ ቤት ለማደራጀትም የምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች መጡ። ትምህርቱ ግን በሥራ ላይ ላሉት ብቻ ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲፈርስ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ከሥራ ውጭ ሆነ። በዚያው ክረምት የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወደ ገጠር ለተመለሱት እህል፣ ዘርና በሬ አድሏል፤ ወደ መደበኛ ትምህርት የተመለሱት በቁጥር ጥቂት ነበሩ። አሸናፊ ሆነው አዲስ አበባ ለገቡት ታጋዮች ግን የተለየ በር ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ትምህርታቸውን በትግል ያቋረጡ ሰዎችን ተቀብሏል። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ለመሪዎቹ በርቀት ትምህርት በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ሰጥቷል፤ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረቁት በዚህ መንገድ ነው። የርቀት ትምህርት፣ ለሥራ ልምድ የሚሰጥ ዋጋና ከሥራ ሳይለዩ መማር አንድን ዘማች ምን ያህል ሊያደርሱት እንደሚችሉ በዚህ ታይቷል። ያው ዕድል ለተራው ተሰናባች አለመዳረሱ ግን የዘመኑ ትልቅ ጉድለት ነው።

በውጭው ዓለም የዘማቾች ትምህርት በሕግ የተያዘው ቀደም ብሎ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው የዘማቾች ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ኮሌጅ እንዲገቡ ክፍያቸውን ቻለች። እ.ኤ.አ. በ1962 የመከላከያ የመረጃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በፔንስልቬንያ የሚገኘው የመርሲኸርስት ተቋም የመረጃ ጥናትን ለሲቪል ተማሪዎች ከፈተ። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ላገለገሉ ዘማቾች በወጣው ሕግ እስከ 36 ወር የሚደርስ የትምህርት ድጋፍ ሊያገኙ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሠራዊቱና በደኅንነቱ ተቋማት ውስጥ ያለው ትምህርት ነው፤ ወደዚህ የሚገባው በአብዛኛው በሥራ ላይ ያለ መኮንን በመሥሪያ ቤቱ ተመድቦ ነው። ሁለተኛው የሲቪሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ልምድ ላካበቱ የአፍሪካ የፀጥታ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ፕሮግራምም ከፍቷል። ከሠራዊት ለወጣ ሰው የቀረበው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

በመካነ ሰላም አካባቢ ለሚኖር ተሰናባች መንገዱ ከመጀመሪያ ዲግሪ ይነሣል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ሌላ በመካነ ሰላም ካምፓስ ስላለው ይህ ደረጃ ከተማውን ሳይለቁ የሚገኝ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ሲመረጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች ከላይ ከተነገረው ታሪክ ይወጣሉ፤ የአገልግሎት ዘመን እንደ ሥራ ልምድ መቆጠሩ፣ ትምህርቱ በክረምት፣ በማታ ወይም በርቀት መሰጠቱ፣ ክፍያውን የሚችል አካል መኖሩ፣ ትምህርቱም ምንጭ መመርመርን፣ ካርታ ማንበብንና ዘገባ መጻፍን በጥልቀት ማስተማሩ። በዚህ መለኪያ ከታየ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሕግና ፖለቲካ ሳይንስ ለመረጃ ጥናት ጥሩ መሠረት ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። ለአርበኛው መሬት፣ ለደርግ ወታደር በሬና ዘር ተሰጥቷል፤ ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። ነገር ግን በውጊያ የተገኘ ዕውቀት ተመዝግቦና ተመርምሮ ለአገር የሚውለው ባለቤቱ ሲማር ነው። ስለዚህ የመማሪያ ወንበር ከመልሶ ማቋቋሙ ጥቅል ውስጥ ከበሬውና ከዘሩ እኩል ሊቆጠር ይገባል።