የጅምር መጽሐፍ አደራ

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሚሌኒየማችንን በችቦና በርችት ተቀብለን ገና የበዓሉ ድካም ሳይለቀን፣ መስከረም 5 ቀን፣ ወዲያ ማዶ አሜሪካ አገር አንድ ደራሲ በ58 ዓመቱ አረፈ። ሲጽፈው የኖረው ተከታታይ ልቦለድ «የዘመን መንኮራኩር» ይባላል። አጋጣሚው አይገርምም? እኛ የዘመን መንኮራኩር ዞረልን ብለን ስንጨፍር እሱ የራሱን መንኮራኩር በጅምር ትቶ ሄደ። 11 ቅጾች አሳትሞ ነበር፤ የቀረው መደምደሚያው ብቻ ነው።

ሮበርት ጆርዳን የብዕር ስሙ ነው። ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ኦሊቨር ሪግኒ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1948 በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ተወለደ። ቬትናም ሁለት ጊዜ ዘምቶ ከሄሊኮፕተር ላይ መትረየስ ተኩሷል። ሲመለስ ፊዚክስ አጥንቶ ለአገሩ ባሕር ኃይል የኑክሌር መሐንዲስ ሆነ። ብዕር ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1977 ጉልበቱን ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮናንን የጀብዱ ታሪኮች ጻፈ። ልብ በሉ፤ ኮናንን የፈጠረው ሮበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1936 የሞተ ሰው ነው። ጆርዳን ራሱ የሌላ ሟች ገጸ ባሕርይ አስቀጥሎ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ዞሮ በራሱ እንደሚደርስ ማን ነገረው!

የተከታታዩ የመጀመሪያ ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ራንድ የተባለ የገጠር ልጅ ዓለምን ከጨለማው ጌታ የሚያድናት፣ ግን ሊያፈራርሳትም የሚችለው ሰው አንተ ነህ ይባላል። አስማት አለ፣ አውሬ አለ፣ ነገሥታት አሉ። እንዲህ ያለውን ልቦለድ እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች «የልጆች ተረት» እያልን ስንንቀው ኖረናል። እኔም ከናቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ቀረብ ብሎ ላነበበው ግን ራንድ እያሸነፈ በሄደ ቁጥር ውስጡ እየደነደነ፣ የሞቱበትን ሰዎች ስም እየቆጠረ ሌሊቱን የሚያነጋ ወጣት ነው። ይህን የጻፈው ጦርነትን በወሬ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ታሪኩ እየሰፋ ሲሄድ ይንቀራፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 10ኛው ቅጽ ወዳጆቹ ሳይቀሩ አማረዋል። «ይሄ ሰውዬ መቼ ሊጨርስ ነው?» የሚለው ጥያቄ በረከተ።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጋቢት ወር ደራሲው መታመሙን ይፋ አደረገ። በልብ ውስጥ ፕሮቲን እየተከማቸ ልብን የሚያዳክም፣ አሚሎይዶሲስ የሚባል ብርቅ በሽታ ነው። ገና 30 ዓመት እጽፋለሁ ብሎ ነበር፤ የተሰጠው ግን አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ሆነ። በዚያች አጭር ጊዜ ሌላ ሰው ሊጨርስለት እንዲችል ማስታወሻዎቹን አደራጀ፣ የታሪኩን ፍጻሜ ለቤተሰቡ ተረከ፣ የመጨረሻውን ትዕይንትም ራሱ ጻፈ።

አደራው የወደቀው በባለቤቱ በሃሪየት ማክዱጋል ላይ ነው። ሃሪየት የመጻሕፍቱ አርታኢም ነበረች። ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ የ31 ዓመት ደራሲ ለሟቹ የጻፈውን የኀዘን መታሰቢያ አነበበችና ልጁን ፈልጋ በስልክ አገኘችው። መጻሕፍቱን ከአፍላነቱ ጀምሮ ሲያነብ ያደገ ሰው ነው። የጆርዳንን አጻጻፍ ልቅዳ አላለም፤ በራሱ ብዕር፣ ነገር ግን በባለቤቱ ዕቅድ ሠራ። አንድ ይሆናል የተባለው መጽሐፍ ሦስት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ወጣ። 14ኛው ቅጽ ሲዘጋ አንባቢ ያገኘው ሟቹ አስቀድሞ የጻፈውን ትዕይንት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ነገር አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የማውቀው አንድ ባልደረባዬ ልቦለድ ጀምሮ ሳይጨርስ አረፈ። ባለቤቱ ረቂቁን በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። «እርስዎ ያውቁበታል ብዬ ነው» አለችኝ። ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በጠየቀችኝ ቁጥር «የሟችን ሥራ መነካካት ነውር ነው» እላታለሁ። ስታከብረኝ ዝም አለች፤ በኋላም መጠየቁን ተወች።

እውነቱን ለመናገር ነውሩ መነካካቱ አይደለም። ሳይከፈት አቧራ መጠጣቱ ነው። ሰው ተማምኖ የሰጠኝን አደራ በአክብሮት ስም ቀበርኩት። ምናልባት ረቂቁ ለኅትመት የማይበቃ ይሆናል። ይህንንም ቢሆን አንብቤ ልነግራት ይገባ ነበር።

በየቤታችን፣ በየሻንጣውና በየአልጋው ሥር ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳለ አስቡት። ለጸሐፊዎች የምለው ቢኖር እንደ ጆርዳን ፍጻሜውን ለአንድ ሰው ንገሩ ነው። ለቀሪዎቻችን ደግሞ ፌስታሉን እንፍታው። እኔ ትናንት ማታ ፈትቼዋለሁ፤ 40 ገጽ አንብቤያለሁ። ዛሬ እደውልላታለሁ።