የለጋምቦ ደጋ ወፍጮና የሚያሽከረክረው ኃይል

የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አቀስታና በዙሪያዋ ባለው ብርዳም ደጋ ገብስና ስንዴ ለዘመናት የተፈጨው በሴቶች ጉልበት ነው። የታችኛው ወፍጮም የላዩ መጅም ድንጋይ በመሆናቸው ሲልሙ ከመውቀር በስተቀር ሌላ ጥገና አይሹም ነበር፤ የሚያልቀው የፈጪዋ ወገብ ነበር።

የናፍጣ ወፍጮ በ20ኛው መቶ ዘመን ሲመጣ ይህን ሸክም አቀለለ፤ ሆኖም በርሜል ሙሉ የማቀዝቀዣ ውኃ፣ ችንጋና በዳገት መንገድ የሚጓጓዝ ነዳጅ ስለሚፈልግ አንዲት መለዋወጫ ስትጠፋ የአካባቢው እህል ሁሉ ሳይፈጭ ይውል ነበር።

የአባ ሳሙኤል ማመንጫ በ1924 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምር፣ የመብራት ኃይል ባለሥልጣንም በ1948 ዓ.ም. ቢቋቋም፣ አገር አቀፉ የገጠር ኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም የተጀመረው ገና በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ወደ ወፍጮ ቤቶች የገባው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ ማለትም በየተራ ከፍና ዝቅ በሚሉ ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚዞረው፣ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ እ.ኤ.አ. በ1889 የሠራው ዓይነት ሲሆን፣ ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም አንድ ክፉ ድክመት አለው። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲቋረጥ የቆመው ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፤ በመዞር ላይ ያለው ደግሞ ሸክሙን በቀሩት መስመሮች ለመሳብ ሲታገል የሽቦ ጥቅሉ ይግላል፣ መከላከያ ካልቆረጠለትም የሽቦው ቫርኒሽ ሸትቶ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ሽቦው ተነቅሎ እንደገና እስኪጠቀለል ድረስ ጆንያ ተሸክመው የመጡ ሴቶች ያለ ዱቄት ይመለሳሉ።

ለዚህ ድክመት ሁነኛ መልስ የተገኘው ለወፍጮ ሳይሆን ለአውሮፕላን ሲታሰብ ነው። ኒዮዲሚየም የተባለው ብርቱ ማግኔት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተገኘ በኋላ፣ በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብልሽትን የሚቋቋም ባለ ቋሚ ማግኔት ሞተርን አዳበሩ። በዚህ ሞተር እያንዳንዱ ፌዝ በየራሱ የብረት ጥርስ ላይ ለብቻው ይጠቀለላል፤ የየራሱ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያም ስላለው አንዱ ቢቃጠል ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ አይዛመትም፣ የቀሩትም ሥራውን ይቀጥላሉ። መቆጣጠሪያው ከሞተሩ ጋር በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ሲገባ ረጅም ገመድና መገጣጠሚያ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን አብሮ ይታመቃል። ይህ ለደጋው ዋና ጉዳይ ነው፤ የሞተሮች አቅም በተለምዶ የሚወሰነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለው አየር ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር ሙቀትን የማንሳት አቅሙ ያነሰ ነው።

ቋሚ ማግኔት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከሉት 34 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ ያለ ጥርስ ማርሽ በቋሚ ማግኔት የሚያመነጩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም አብዛኞቹ ይህንኑ ዓይነት ሞተር ይዘዋል። አብዛኞቹ ግን በውጭ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸው፤ ለእነዚህ የሚሆነው የጥገና ሙያም ከሽቦ ጠቅላዩ ሙያ የተለየ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣት መሐንዲሶች ሊሠሩት የሚገባ የመጀመሪያ ሥራ አለ፦ አንድ ፌዝ ቢጎድልበትም የአቀስታን ገብስ ፈጭቶ የሚጨርስ፣ በደሴ ገበያ በሚገኝ ዕቃ የሚጠገን የወፍጮ ሞተር።