የብራና ፎቶግራፎችና የመዝገባቸው ዓምዶች

ከኩታበር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ ስመ ጥር የመጻሕፍት ማዕከል እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281፣ የተጻፈው የገዳሙ ወንጌል ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» በሚለው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው። ድርጅቱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ ቅጂያቸውን በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ልኳል። በዚያም ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1975 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት 10 የካታሎግ ቅጾች አሳተሙ። ቅጾቹ የሚያጠቃልሉት ግን እስከ 5,000 ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ፊልሞች በሣጥናቸው ሳሉ፣ ይዘታቸውን የሚናገር የታተመ መግለጫ ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን ቆዩ፤ ፎቶግራፍ ማንሣቱ ከመግለጹ ይልቅ ቀላል ነበርና።

ዛሬ ዲጂታል ምስሎች በብዛት የሚመዘገቡት በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ለአደጋ ለተጋለጡ መዛግብት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው ፕሮግራምም ዝርዝሩን የሚቀበለው በዚሁ መልክ ነው። አስቸጋሪው ነገር መሣሪያው ሳይሆን አንድ ረድፍ ምንን ይወክል የሚለው ውሳኔ ነው። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ረድፍ ብቻ ቢሰጥ፣ በ1832 አንጻር «አራቱ ወንጌላት» ተብሎ ያልፋል። በዚያው ጥራዝ ውስጥ የተጻፈው የገዳሙ መጻሕፍት ጥንታዊ ዝርዝር፣ ማለትም የቀደምት አባቶች ካታሎግ፣ ከፈላጊው ዓይን ይሰወራል።

የቦታው ዓምድም እንዲሁ ነው። ሐይቅ በደርግ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በአምባሰል አውራጃ ትቆጠር ነበር፤ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን፣ የኩታበር አዋሳኝ በሆነው በተሁለደሬ ወረዳ ናት። አሮጌውን ስም ሰርዞ አዲሱን መጻፍ በቀድሞው ስም የታተመውን ጥናት ከምስሉ ጋር ያቆራርጣል፤ ስለዚህ ሁለት ዓምድ ያስፈልጋል። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ተብሎ የተጻፈውንም ሠንጠረዡ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች አድርጎ ይደረድረዋል። ዕለቱ ጳጉሜን ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ቀኑ እንደ ተራ ጽሑፍ በተለየ ዓምድ ሊገባ ይገባዋል።