ረቂቅ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና አድማጩ

ረቂቅ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከተለመደው ዜማና ግጥም ይልቅ የድምፅን ቀለም፣ ድግግሞሽንና ዝምታን የሚያስቀድም የሙዚቃ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ስሙ የሚነሣው ከሙዚቃ አቀናባሪዎቹ ከሚካኤል ሰይፉና ከእንደገና ሙሉ ጋር ሲሆን፣ ሥራቸው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይባላል። በኒው ጀርሲው ራማፖ ኮሌጅ የተማረው ሚካኤል «ዘላለም» የተባለውን ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥቷል።

አድማጩን የሚያለያየው በዋናነት ግጥም ነው። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ጆሮ ቃል ሲያጣ ጎዶሎ ይሰማዋል፤ «ዘፋኙ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ዋሽንት ያለ ቃል ሆድ ሲያባባ የሰማ ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ጋምቤላ ውስጥ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። አኙዋክ፣ ኑዌርና መዠንግር የሚጫወቱት ቶም ስስ ምላሶች የተደረደሩበት የእጅ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ በሁለት እጁ አቅፎ ይዞ ምላሶቹን በአውራ ጣቶቹ እየተጫነ ይለቅቃቸዋል። አጭር ሐረግ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ቆየት ሲል ጆሮ ዜማውን ትቶ በምላሶቹ መካከል የሚቀረውን ንዝረት መከተል ይጀምራል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከአድማጩ የሚጠይቀውም ይህንኑ ትዕግሥት ነው፤ በዚህ ረገድ ቶም የሰማ ጆሮ ከብዙ የከተማ ጆሮ ይቀድማል።

የቶምና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝምድና በሌላ አገር በግልጽ ታይቷል። የኪንሻሳው የሙዚቃ ቡድን ኮኖኖ ቁጥር 1 የቶምን ዘመድ ሊኬምቤን ከአሮጌ መኪና ዕቃ በተሠራ ማይክሮፎን አጉልቶ ይጫወት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኮንጎትሮኒክስ» የተባለ አልበሙን የአውሮፓ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆች እንደ ራሳቸው ሙዚቃ ተቀበሉት።